ከጥቁሩ ድንጋይ በታች ያለው ውሃ

ባለቤቴ ጉልበቱ እስኪከዳው ድረስ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር። ሰፈርተኛው አባ ጥልቅ ይለዋል፤ እሱም ስሙን እንደ ማዕረግ ነው የሚቆጥረው። ሌላው ቆፋሪ ውሃ ሲያገኝ እሰይ ብሎ ይወጣል፣ እጁን ታጥቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የእኔው ሰውዬ ግን ውሃ ቶሎ ሲያገኝ ይከፋዋል። «ይሄ የላይ ውሃ ነው፤ ማንም የሚያገኘው ነው» ይልና ወደ ታች ይቀጥላል። ከሰፈራችን ምድር ሥር የተነጠፈው ጥቁር ድንጋይ ላይ ሲደርስ ሌላው ዕቃውን ሰብስቦ ይወጣል፤ እሱ ግን ገና እጅጌውን የሚሰበስበው እዚያ ነው። ድንጋዩን በብረትና በመዶሻ ፈልፍሎ ከሥሩ ያለውን ውሃ ሲያወጣ፣ ከጉድጓዱ ብቅ የሚለው ሰው ሙሽራ እንጂ ቆፋሪ አይመስልም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የስልክ ኦፕሬተር ሆኜ የሰው ድምፅ ሳዳምጥ የኖርኩ ሴት ነኝና፣ ሰው ሲኮራ በድምፁ አውቃለሁ። እሱ «ከጥቁሩ ድንጋይ በታች» ሲል ድምፁ ይወፍር ነበር።

በግቢያችን ያለው ጉድጓድ ደግሞ የሥራዎቹ ሁሉ ቁንጮ ነው። እውነቱን ለመናገር ውሃው የሚወደድ ውሃ ነበር። ኩልል ያለ ነው። ሲቀዳ ለብ ስለሚል ሕፃን ለማጠብ ማሞቅ አያስፈልግም። ሳሙና ገና ሲነካው አረፋ በአረፋ ይሆናል። የላይ ውሃ ሲፈላ ማንቆርቆሪያ ላይ የሚጋግረው ነጭ ቅርፊት እኛ ቤት አይታወቅም፤ ማንቆርቆሪያዬ ከተገዛ ጀምሮ ሆዱ እንደ መስታወት ነው። እኔም በንጽሕና ቀልድ ስለማላውቅ የሚጠጣውን ሁሉ ረዘም አድርጌ ነው የማፈላው። እንግዳ ሲመጣ ባለቤቴ ውሃውን በብርጭቆ ያቀርብና ጠጥተው እስኪጨርሱ ዓይኑን ከፊታቸው ላይ አይነቅልም። ካላደነቁለት ይደግማቸዋል። ሰው በውሃ ተጨናንቆ ሲወጣ ያየሁት በእኛ ቤት ብቻ ነው።

ወሬው በሰፈሩ ተዳረሰ። ዳቦ ጋጋሪው ቀድሞ መጣና «አባ ጥልቅ፣ የእኔንም ያጥልቁልኝ» አለ። ሌላው ተከተለ። ባለቤቴ ቤት ለቤት እየዞረ የነበሩትን ጉድጓዶች ሁሉ ጥቁሩን ድንጋይ አሳልፎ አወረዳቸው፤ የላዩ ውሃ እንዳይቀላቀልባቸውም ዙሪያቸውን በሲሚንቶ ቀለበት ደፈነ። በመንገዳችን እምቢ ያለችው አንዲት ጎረቤት ብቻ ናት፤ ምክንያቷም የመዶሻ ጩኸት አልወድም የሚል ነበር። የእሷ ማንቆርቆሪያ ውስጡ በነጭ ቅርፊት ተለስኖ ውሃ የሚይዘው በግማሹ ነው። እቤቷ በሄድን ቁጥር እናሾፍባት ነበር።

ልጄ የረጅም መንገድ ሹፌር ነው። ያገባት ሴት ደግሞ የድንጋይ ኬሚስት ናት። ይህን መጀመሪያ ሲነግረኝ በሳቅ ፈነዳሁ። «ድንጋይ ደግሞ ምን ኬሚስትሪ አለው? ድንጋይ ድንጋይ ነው!» ምራቴ አልተቀየመችም። «እማዬ፣ ውሃ ድንጋይ ላይ ሲተኛ ዝም ብሎ አይተኛም፤ ቀስ እያለ ድንጋዩን ይልሰዋል። ምን እንደላሰ ማወቅ ነው ሥራዬ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደድኳት። አማት ነኝና እንዳይታወቅብኝ ግን ብዙ ለፋሁ። ሥራዋ ከተራራ ተራራ የሚያንከራትት ስለነበር ልጃቸው ሚጢ ጡት ከተወች ጀምሮ ያደገችው እኛ ጋ ነው። ዘንድሮ ምራቴ ከተማ ውስጥ ባለ ቤተ ሙከራ ተመደበችና ጓዟን ጠቅልላ እኛው ጋ ገባች።

ጉዱ የተጀመረው ከሚጢ ጥርስ ነው። የወተት ጥርሶቿ ወልቀው አዲሶቹ ሲበቅሉ፣ የፊቶቹ ላይ ጠመኔ የመሰለ ነጭ መስመርና ቡናማ ነጠብጣብ ይዘው ወጡ። እኔ ወዲያው ፈረድኩ። ከረሜላ ነው አልኩ፤ ከረሜላ የሚባል ነገር ደጃችንን እንዳይረግጥ አወጅኩ። ልጅቷን ጠዋትና ማታ ቆሜ ጥርሷን አስቦርሻታለሁ። አንድ ቀን ድዷ ደም በደም ሆኖ «እማማ፣ ፈተግኩት፣ ፈተግኩት፣ እምቢ አለኝ እኮ» ብላ አለቀሰች። እናቷ ይህን ሰምታ ከክፍሏ ወጣች። ልጅቷን መስኮት አጠገብ አስቀምጣ አፏን በስልኳ መብራት ስታይ ፊቷ ልውጥ አለ።

«እማዬ፣ ሚጢ ውሃ የምትጠጣው ከየት ነው?»

«ከየት ትጠጣ? አያቷ ከቆፈረው ነዋ! በኩሬ ውሃ ነው እንዴ ያሳደግኳት?»

 በማግስቱ ከእኛ ጉድጓድ አንድ ጠርሙስ፣ ጩኸት ከማትወደው ጎረቤታችን ደግሞ ሌላ ጠርሙስ ሞልታ ወደ ሥራዋ ይዛ ሄደች። እኔም የተማረ ሰው ነገር ብዬ ረሳሁት።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ከሥራ ስትገባ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ቀጥ ብላ ወጥ ቤት መጣችና በሩን ዘጋችው።

«ፍሎራይድ አለው፣ እማዬ። ብዙ ፍሎራይድ።»

«እሱ የጥርስ ሳሙና ላይ የተጻፈው አይደል እንዴ? ይጠቅማል ይላሉ።»

«ጥቂት ሲሆን ይጠቅማል። የእኛ ግን ለመጠጥ ከሚፈቀደው ብዙ እጥፍ ነው። የጎረቤታችን ምንም አይልም።»

«የትኛው? ያ ቅርፊታሙ?»

ማንቆርቆሪያውን አንስታ ሆዱን ወደ እኔ አዘነበለችው። ያንጸባርቃል። «ይሄ ነው ምልክቱ» አለች። «ነጩ ቅርፊት የሚመጣው ከካልሲየም ነው። ካልሲየም ባለበት ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ እንደ ልቡ አይሆንም፤ ሁለቱ ይያያዙና ድንጋይ ሆነው ይቀራሉ። ከጥቁሩ ድንጋይ በታች ያለው ውሃ ግን ካልሲየሙን መንገድ ላይ ጨርሶ ነው የሚደርሰው። ለዚህ ነው ሳሙናው አረፋ የሚለው፣ ማንቆርቆሪያውም የሚጠራው። ፍሎራይዱን የሚይዘው ነገር የለም። ወደ ሰው ሆድ ሲገባ ግን ያጣውን ካልሲየም ያገኘዋል። ጥርስም አጥንትም ካልሲየም ነው።»

«አፈላዋለሁ እኮ!»

«ማፍላት ጀርም ይገድላል፣ እማዬ። ፍሎራይዱ ግን አብሮ አይተንም። ውሃው በቀነሰ ቁጥር የቀረው ላይ ይጠራቀማል።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። እሷ ቆማ ቀረች። የሚጢ ጥርስ እንደዚያው እንደሚቀር፣ አጥንቷ ግን ገና ልጅ ስለሆነች አሁን ከተወች እንደሚተርፍ ነገረችኝ። ይህን ሁሉ ሐኪም ለታማሚ እንደሚያስረዳ ረጋ ብላ ተናግራ ስታበቃ፣ ድንገት ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «ሥራዬ እኮ ነው! ዳር አገር ድረስ ሄጄ የሰው ውሃ ስመረምር፣ የገዛ ልጄ…» አልጨረሰችውም። እኔም ያን ሁሉ ጊዜ የደበቅኩትን ፍቅር እዚያው ወጥ ቤት ውስጥ አወጣሁት፤ አቅፌያት ሁለታችንም ተንሰቀሰቅን።

ዓይኗን ጠርጋ ስታበቃ፣ «አባባ አንገታቸውን ማዞር ካቆሙ ቆይተዋል?» አለችኝ።

 ባለቤቴን ከኋላው ሲጠሩት አንገቱ ብቻውን አይዞርም፤ መላ ሰውነቱ ነው የሚዞረው። ሚጢ ጄኔራሉ ትለዋለች፤ እሱም ሰላምታ እየሰጠ ያስቃታል። ወገቡም እንጨት ሆኗል፤ ጫማውን የማስርለት እኔ ነኝ። ሥራው ነው ይላል፤ እኛም ሥራው ነው ብለን ተቀብለን ነበር።

«አንነግረውም» አልኩ። «ለሚጢም ለእኛም ሌላ ውሃ እናመጣለን። ሰበብ አላጣም። ፓምፑ ተበላሽቷል እለዋለሁ።»

«ሌሎቹስ ቤቶች? ልጆቹስ?»

«አንቺ ንገሪያቸዋ! የተማርሽው ምን ሊሠራልሽ ነው?»

«የእኔን ወረቀት ከእሳቸው ቃል ያስበልጣሉ ብለው ነው? አባ ጥልቅ ጥሩ ነው ካሉ ጥሩ ነው። መጥፎ ነው ካላሉ ማንም አይተወውም።»

 ይህ ሰውዬ ሀብት አልሰበሰበም፤ ትምህርት ቤት የገባው ለጥቂት ጊዜ ነው፤ የቀረው ጉልበትም የለውም። ያለው ነገር ቢኖር በመንገድ ሲያልፍ «አባ ጥልቅ፣ ውሃህ እኮ!» የሚሉት ነው። እሱን ልንወስድበት ነበር። ደግሞም ልንወስድበት ብቻ ሳይሆን፣ በገዛ አፉ እየዞረ እንዲያፈርሰው ልንጠይቀው ነበር። ቢሆንም እሺ አልኳት።

በነጋታው ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ምራቴ ሁለት ብርጭቆ ውሃና ከቤተ ሙከራ ያመጣችውን ቀይ ፈሳሽ የያዘች ትንሽ ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እኔ ሚጢን ወደ ውስጥ ሸኝቼ ከጎኑ ተቀመጥኩ።

«ደግሞ ምን አስማት ልታሳዪኝ ነው፣ ልጄ?» አላት እየሳቀ።

እኩል እኩል ጠብ አደረገችባቸው። የጎረቤታችን ውሃ ቀላ፤ እንደቀላም ቀረ። የእኛው ግን ቀለሙ እያየነው ደበዘዘ፣ ገረጣ። ቀዩን ቀለም የሚያጠፋው ፍሎራይድ እንደሆነ ቀስ ብላ አስረዳችው፤ ለእኔ ከነገረችኝ አንድም አላስቀረችም። እሱ ብርጭቆውን አንስቶ በብርሃን አየው። «ብርጭቆው ቆሻሻ ነው» አለ። ራሱ ተነሥቶ አጥቦ፣ ራሱ ከጉድጓዱ ቀድቶ መጣ። እንደገና ጠብ አደረገችበት። እንደገና ገረጣ። ሌላ ብርጭቆ ጠየቀ። ያም ገረጣ።

ከዚያ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ መለሰው። «ከጥቁሩ ድንጋይ ሥር» አለ በመጨረሻ፣ «ነጣ ያለ፣ ቀላል፣ በእጅ ሲጨብጡት የሚፈረፈር ነገር አለ።»

«እሱ ከእሳተ ገሞራ የወጣ አመድ ነው፣ አባባ። ፍሎራይዱ ከእሱ ነው የሚመጣው። ውሃው እዚያ ውስጥ ብዙ ዘመን ነው የተኛው። ጥቁሩ ድንጋይ እንደ ክዳን ሆኖ ለያይቶት ነበር።»

«ክዳኑን ነዋ የሰበርኩት።»

«ማንም አላወቀም፣ አባባ። አይሸት፣ አይመር። መሣሪያ ካልለካው በምን ይታወቃል?»

«ሚጢን ጥሯት» አለ።

መጣች። ጎንበስ ብሎ ማየት ስለማይችል ወንበር ላይ አቆማትና አፏን አስከፈታት። ጥርሶቿን አንድ በአንድ አየ። «ከእንግዲህ ይሄን ነገር አትፈትጊው» አላት። «ቆሻሻ አይደለም። ያንቺ ጥፋት አይደለም፤ ማንም ቢጠይቅሽ የአያቴ ጉድጓድ ነው በዪ።» ልጅቷ ምኑም አልገባትም፤ ከመፈተግ በመዳኗ ብቻ ደስ ብሏት ጉንጩን ስማው ሮጠች። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ።

 በማግስቱ ጠዋት ስነቃ አልጋው ባዶ ነው። ነጠላ ጫማዬን አጉል አጥልቄ ወደ ጉድጓዱ በረርኩ፤ ምን እንዳሰብኩ እግዜር ይወቅ። ክዳኑ እንደተዘጋ ነው። እሱ የሥራ ኮቱን ለብሶ፣ የጫማው ክር እንደተፈታ፣ የውጭ በሩ ጋ ቆሟል።

«ወዴት ነው?»

«ዳቦ ቤት።»

«ዳቦ አለን እኮ!»

«ዳቦ ልገዛ አይደለም።»

ተንበርክኬ ክሩን አሰርኩለትና ሻርፔን እንዳገኘሁ ጣል አድርጌ ተከተልኩት። ዳቦ ቤቱ ጥግ ላይ ነው። ጋጋሪው ሊጡን በትልልቅ ሳህን አሰናድቶ፣ ክንዱ ድረስ ዱቄት ለብሶ ተቀበለን። «አባ ጥልቅ! ምነው በጠዋቱ?»

«ያጠለቅኩልህ ውሃ ይጎዳል» አለ ባለቤቴ። ሰላምታ የለ፣ መግቢያ የለ። «አትጠጡት። አታቡኩበት።»

ጋጋሪው ሳቀ። ማንም እንዳልሳቀለት ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። «የምራትዎ ነገር ነው አይደል? ድንጋይ ስትመረምር ውላ ሰው ማስፈራራት! እርስዎ ራስዎ አይደሉ እንዴ ይሄን ውሃ ያመሰገኑልኝ?» ከዚያ ወደ መንገዱ ተመልክቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰፈሩ ሁሉ የሚበላው የእኔን ዳቦ ነው። ይሄ ነገር ቢሰማ አለቀልኝ። እባክዎ፣ ይግቡ ወደ ቤትዎ።»

እኔ አፌን ከፍቼ የሚገባውን ልሰጠው ስል ባለቤቴ እጄን ያዘኝ። «እናትህ ጋ አስገባኝ» አለው።

የጋጋሪው እናት ከምድጃው ጀርባ ባለች ሙቅ ክፍል ውስጥ ነው የተኛችው። ጉልበቷ ታጥፎ ከቀረ ዓመታት አልፈዋል፤ ጀርባዋም ጎብጧል። እርጅና ነው ተብሎ ተትቷል። የባለቤቴን ድምፅ ስትሰማ ፊቷ በራ። «አባ ጥልቅ ነህ? ና እስቲ፣ ና። ኩልል ያለ ውሃ ያጠጣኸኝ ልጄ፣ እጅህ አይዛል፣ ወገብህ አይጉበጥ…»

«እማማ፣ አይመርቁኝ።»

«ምን አልክ?»

አጠገቧ ሊንበረከክ ፈለገ፤ ወገቡ እምቢ አለው። የአልጋውን ራስጌ ይዞ፣ እኔ በብብቱ ገብቼ፣ እንደምንም ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ሁሉንም ነገራት። ጥቁሩን ድንጋይ፣ ነጩን አመድ፣ ቀለሙ የገረጣበትን ብርጭቆ፣ የሚጢን ጥርስ። «ጉልበትዎ የታጠፈው በእርጅና ብቻ ላይሆን ይችላል» አላት። «እኔ ባመጣሁት ውሃ ይሆናል። የላዩ ውሃ ደህና ነበር። ለእኔ አልበቃኝም እንጂ ለእናንተ በቅቶ ነበር።»

ጋጋሪው በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል። አሮጊቷ ጣሪያውን እያየች ዝም አለች። እኔ በዕድሜዬ ብዙ ዝምታ በስልክ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያኛው የከበደኝ ግን የለም።

«አንተስ?» አለች በመጨረሻ። «አንተ ከእሱ አትጠጣም ነበር?»

«ከሁሉም ፊት የጠጣሁት እኔ ነኝ።»

«እስቲ አንገትህን ወደ ልጄ አዙር።»

ሞከረ። ትከሻው አብሮ ዞረ። እሷ እጇን ዘርግታ ማጅራቱን ዳበሰችው፤ ከዚያ የገዛ ጉልበቷን ዳበሰች። «እኔስ ብቻዬን መስሎኝ» አለች፣ ሳቅ ቢጤ እየቀደማት። ወዲያው ግን ኮስተር አለች። «አሁን ምን ይደረጋል?»

«ከሥር ያለውን ደፍነን የላዩን ውሃ እንመልሳለን። እኔ ባልችል የሚችል ሰው ቆሜ አሠራለሁ። በሁሉም ቤት።»

«ሊጡን አውጥተህ ድፋው» አለች ልጇን።

«እማዬ! የዛሬው በሙሉ እኮ ነው!»

«የማን ልጆች ናቸው የሚበሉት? ድፋው ብዬሃለሁ። አንተም ተነስ፣ እዚህ ቁጭ ብለህ እኔን አትይ፤ ገና ብዙ ቤት አለህ።»

ባለቤቴ ለመነሣት ሞክሮ አቃተው። እኔም ብቻዬን አቃተኝ። ጋጋሪው ጥቂት ቆሞ አየን፤ ከዚያ መጥቶ በሁለት እጁ ከሥር ደግፎ አነሣው። ኮቱ ጀርባው ላይ ዱቄት በዱቄት ሆነ። ሦስታችንም ወደ ፊተኛው ክፍል ወጣን። ጋጋሪው ሊጡን አየ፣ መንገዱን አየ፣ በረጅሙ ተነፈሰ።

«ብቻዎን ቢሄዱ ይሰድቡዎታል» አለ። «ቆዩኝ፣ አብሬዎት እሄዳለሁ።»

እጁን ሊታጠብ ወደ ቧንቧው ሄደ። ሊከፍተው ሲል ግን እጁ አየር ላይ ቀረ። መላ ሰውነቱን አዙሮ ባለቤቴን ተመለከተው።

«መታጠብስ ይቻላል?» ሲል ጠየቀው።

«መታጠብ ይቻላል» አለ ባለቤቴ።

እስኪታጠብ ድረስ ቆመን ጠበቅነው።